የኢሜይሌ ኮፒ ለማን ነበር የሚሄደው?

«እህቴ፣ የሚገባልሽ ኢሜይል ሁሉ ኮፒው ወደዚህ አድራሻ እንዲሄድ ተደርጓል። በአዲሱም ይቀጥል ወይስ ላጥፋው?»

ዛሬ ጠዋት እንዲህ ያለኝ የመሥሪያ ቤታችንን ኢሜይል ወደ አዲስ ሰርቨር የሚያዛውረው ባለሙያ ነው።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላደረግኩም። አድራሻውም ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት፣ የማንም ስም የሌለበት ነው።

«አጥፋልኝ» አልኩት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ፓስወርድሽን ማን ያውቃል እንዳትሉኝ። እኛ ቢሮ ፓስወርድ እንደ ስልክ ቻርጀር ነው፤ ፈቃድ ስትወጡ ለአንዱ ትሰጣላችሁ፣ ስትመለሱ ማን ጋ እንዳለ አይታወቅም።

ቀኑን ሙሉ ሥራ የለ፣ ሰው ሳጠና ዋልኩ። አለቃዬ ሲስቅ ጠረጠርኩት፣ ዝም ሲልም ጠረጠርኩት።

ያልጠረጠርኩት አጠገቤ የምትቀመጠውን ጓደኛዬን ብቻ ነው። ሁለታችንም ልደታ ኮንዶሚኒየም ስለምንኖር ማታ በእግራችን አብረን ነው የምንገባው።

ይቺ ልጅ ስለ ሥራዬ ጠይቃኝ አታውቅም። ለሥልጠና የተመረጥኩ ጊዜ እንኳ፣ ገና ለማንም ሳልናገር «እንኳን ደስ አለሽ!» ብላ ያቀፈችኝ እሷ ናት። ወሬ አያመልጣትም እያልኩ ስስቅ ነው የኖርኩት።

ዛሬ ሰንጋ ተራን እንዳለፍን ክንዴን ያዝ አደረገችና፣ «እኔ የምልሽ፣ ሥራሽ ላይ ምን አዲስ ነገር አለ?» አለችኝ።

እናንተስ፣ ሳትነግሩት ሁሉን የሚያውቅ ወዳጅ አላችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። እሷም እዚሁ ፌስቡክ ላይ ጓደኛዬ ናት፤ ይህን እንኳ ከእናንተ እኩል ታንብበው።