በለቅሶ ቤት የበላሁት ሩዝ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ፣ እናቴን በቀበርን ማግስት፣ እዚሁ አዳማ ነው። ከዚያ ሰሞን ብዙው ነገር ከአእምሮዬ ጠፍቷል። ማን መጣ፣ ማን ምን ብሎ አጽናናህ ብባል አላውቅም። አንድ ሳህን ሩዝ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከበሽታዬ ልጀምር። ትልቁ አንጀቴ ከውስጥ በኩል ይቆስላል። ሲነሣብኝ ሆዴን እየቆረጠ ደም ያስቀምጠኛል። ስሙን ከማወቄ በፊት ለዓመታት «አሜባ ነው»፣ «ጃርዲያ ነው» እየተባልኩ ስንት ኪኒን ዋጥኩ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ተልኬ በመሣሪያ ታየሁና ሐኪሙ እቅጩን ነገረኝ። እየተጠነቀቁ አብረውት የሚኖሩት በሽታ ነው አለኝ። መድኃኒቱን ሳታቋርጥ፣ የሚስማማህንና የማይስማማህን ምግብ እያየህ ለይ ብሎ ሸኘኝ።

የለየችው እናቴ ናት። አንድ ነገር ታበስልልኝና ጥቂት ቀን ሁኔታዬን ታያለች። ከተስማማኝ ሌላ ትጨምራለች፤ ካልተስማማኝ ያ ነገር ለእኔ ድስት ዳግመኛ አይቀርብም። በርበሬ ወጣ። ሽሮ ወጣ። ወተትና ቃሪያም ተከተሉ። ሩዝ፣ ዱባ፣ የዶሮ ሾርባ፣ ተልጦ እስኪፈርስ የተቀቀለ ካሮትና ድንች ቀሩልኝ።

የከበዳት ሽንኩርት ነበር። እናቴ የዓለም ጤና ከተማ ልጅ ናት፤ አባቷ ሽንኩርት አምራች ነበሩ። ያለ ሽንኩርት ድስት መጣድ ለእሷ ነውር ነው። በኋላ ግን መላ አገኘችለት። አንድ ራስ ሽንኩርት ሳትከትፍ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ቋጥራ ድስቱ ውስጥ ትከትና፣ ምግቡ ሲበስል ታወጣዋለች። ጣዕሙ ይቀራል፣ ሽንኩርቱ አይኖርም። ያወጣችውን ራሷ ሚጥሚጣ ነስንሳ እዚያው ቆማ ትበላዋለች። «የአገሬ ነገር አይጣልም» ትል ነበር።

እኔ ደግሞ በበሽታዬ አፍር ነበር። ሞጆ ደረቅ ወደብ የጭነት ጉምሩክ የማስጨርስ ትራንዚተር ነኝ፤ ውሎዬ ከሾፌሮች ጋር ነው። መሐላቸው ቁጭ ብሎ «ደም ያስቀምጠኛል» የሚል ወንድ አላየሁም። ምሳዬን ቋጥሬ ስሄድ «የእናቱ ልጅ» ይሉኛል፤ እስቃለሁ። ለምን አትበላም ሲሉኝ «ጨጓራ አለብኝ» እላለሁ። እሱም ብዙ አያዋጣም። ጨጓራ የሌለበት ማን አለ፣ ብላ ይሉኛል። እናቴን ለማንም እንዳትናገር ቃል አስገብቻት ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያለች፣ ቅር እያላት ቃል ገባችልኝ።

በዚህ መደበቄ ካስቀየምኳቸው ሰዎች አንዷ አዴ ጫልቱ ናቸው። አጥር ነው የሚለየን። ሰፈሩ በሙሉ «አዴ» ነው የሚላቸው፣ እናት ማለት ነው። ልጃቸውን ሲድሩ አክብረው ከፊት አስቀምጠው በእጃቸው ያቀረቡልኝን ምግብ ሳልነካ ተነሣሁ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው ቀዘቀዘ። «የእኛ ቤት ምግብ አይመጥነውም» ማለታቸውንም ሰማሁ። እውነቱን ከመናገር ኩሩ መባልን መረጥኩ።

እናቴ ልቧ ደክሞ ነበር። ክረምቱን እንደምንም አለፈችና ጥቅምት ላይ አንድ ጠዋት ከእንቅልፏ ሳትነሣ ቀረች።

ድንኳን ተተከለ፤ ዕድሩ ወንበሩንና ድስቱን አመጣ። መቼም ሐዘንተኛ ጓዳ ገብቶ ለራሱ አያበስልም። ጎረቤት ያመጣውን ይበላል፤ እምቢ ካለም በግድ ያበሉታል። የሚመጣው ምስር ወጥ፣ ሽሮና ንፍሮ ነው፤ አንዱም ለእኔ የሚሆን አይደለም። እኔ እህት ወንድም የለኝም። አክስቶቼ ከዓለም ጤና መጥተዋል፤ እነሱም ስለ በሽታዬ ምንም አያውቁም። በቀብሩ ዕለት ከቁራሽ ዳቦ በቀር አልቀመስኩም። ሰው ሁሉ ከሐዘኑ ብዛት ነው እያለ አዘነልኝ። እኔ ግን ርቦኝ ነበር። እናቴ ሞታ እንዴት ይርበኛል ብዬ ራሴን ታዘብኩት።

በማግስቱ ከቀትር በፊት የሥራ ባልደረቦቼ ከሞጆ መጥተው ከበውኝ ተቀመጡ። አንዱ፣ በጣም የምወደው ሾፌር፣ እንጀራውን በቀይ ወጥ ጠቅልሎ ጉርሻ ዘረጋልኝ። እናትህም ብትሆን እንዲህ እንድትሆን አትፈልግም አለኝ። ድንኳን ሙሉ ሰው ያየኛል። ጎረስኩ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛውም ተከተለ።

ብዙም ሳይቆይ ሆዴ ይቆርጠኝ ጀመር። ግቢያችን ያለው መጸዳጃ ቤት አንድ ነው፤ በሩ ላይ ለቀስተኛ ቆሟል። ላብ እያጠመቀኝ ተራ ጠበቅኩ። ስገባ ደም አየሁ። ያን ጊዜ ነው እናቴ ከሞተች ጀምሮ መድኃኒቴን እንዳልወሰድኩ ትዝ ያለኝ። ከዚያ በፊት እንዲህ ሲጀምረኝ ሆስፒታል ተኝቼ የሰው ደም እስከ መውሰድ ደርሻለሁ። አሁን የሚያስታምመኝ ማን ነው? እዚያው በሩን ይዤ አለቀስኩ። ለእናቴ ይሁን ለራሴ እስካሁን አላውቅም።

ስወጣ አዴ ጫልቱ የጓዳው በር ላይ ቆመው በዓይናቸው ጠሩኝ። የተከደነ ሳህን ይዘዋል።

«ና ልጄ፣ ግባ። እዚህ ማንም አያይህም።»

የተለመደውን ጨጓራዬን ልጀምር ስል ክዳኑን አነሡት። ሩዝ ነው፤ ድንችና ካሮት ፈርሶበታል። የሽንኩርት ሽታ ሸተተኝ። በማንኪያ ገለጥ ገለጥ አድርጌ ብፈልግ ሽንኩርት የለም። እንዲህ አድርጎ የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው፤ እሷን ደግሞ ትናንት ቀብረናታል።

«ማን ነገረዎት?» አልኳቸው።

«ማን ይነግረኛል፣ እሷ ናታ።»

ከዚያ ሁሉንም አጫወቱኝ። ክረምቱ ከገባ ጀምሮ፣ እኔ ወደ ሞጆ ስሄድ፣ እናቴ እሳቸው ቤት ትመጣ ነበር። እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እሳቸው ይሠራሉ። ካሮቱ በደንብ ካልፈረሰ መልሳ ታስጥዳቸዋለች። አንዴ በለመደ እጃቸው ቃሪያ ጣል ቢያደርጉ ድስቱን እንዳለ አስደፋቻቸው። «በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ድስቴ» አሉ አዴ ጫልቱ፤ ሊስቁ ሲሉ እንባ ቀደማቸው። በሰርጉ ቀን ለምን እንዳልበላሁም ከእሷ ነው የሰሙት።

«ስንት ጊዜ አዘንኩብህ» አሉኝ። «ምነው ብትናገር?»

እናቴ ለማንም ላትናገር ቃል ገብታልኝ እንደነበር ብቻ ነገርኳቸው።

«እሱንም ነግራኛለች። ‹ይቆጣኛል፣ አውቃለሁ። በሕይወት ይኑርና ይቆጣኝ› ነው ያለችው።» ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት። «ጀባዱ ልጄ፣ በርታ። ብላ።»

በላሁ። ከእናቴ እጅ ጨው በለጥ ይላል እንጂ ያው የእሷ ነበር። መድኃኒቴንም ራሳቸው አምጥተው አስዋጡኝ። የት እንደሚቀመጥ እንኳ ያውቃሉ።

ማታ እራት ሲቀርብ ሳህኔን ይዘው ድንኳኑ መሐል ገቡ። ይሄ የሱ ነው፣ አንጀቱ ይቆስላል፣ ሌላ ነገር እንዳታጎርሱት ብለው ለሁሉም ተናገሩ። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። ግን የሳቀ ሰው አልነበረም። ያ ያጎረሰኝ ሾፌር አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወንድሜ፣ ልገድልህ ነበር እኮ» አለኝ። ባልደረቦቼ ወደ ሞጆ እስኪመለሱ ድረስ ከጎኔ አልተነሣም።

ከሠልስት በኋላ ሐኪም ዘንድ ሄጄ መድኃኒቴ ተስተካከለልኝ። ሆስፒታል መተኛት ሳያስፈልገኝ ደሙ ቆመ።

አሁን የማበስለው ራሴ ነኝ። ያስተማሩኝ አዴ ጫልቱ ናቸው፤ ድስት ማስደፋቱን ከእናቴ ወርሰውታል። ሽንኩርቷን ሳወጣ በአጥሩ በኩል እጠራቸዋለሁ፤ ሚጥሚጣቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሞጆ ላይም ሰው ሲጋብዘኝ ምን እንዳለብኝ እነግረዋለሁ። አንዳንዱ ያዝንልኛል፤ አንዳንዱም ወደ ጥግ ወስዶኝ የራሱን ይነግረኛል።

እናቴ ቃሏን አፍርሳብኛለች። አንዳንድ ቀን ሩዙ እስኪበስል ብቻዬን ስቀመጥ፣ ይቆጣኛል ብላ እንደጠበቀችው ልቆጣት እሞክራለሁ። በሕይወት አለሁ። መቆጣቱን ግን አልቻልኩም።