ከቦርሳ ያልወጣው ጥያቄ

አዲስ የቆዳ ቦርሳ በሸተተኝ ቁጥር አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ የሻው ትዝ ይሉኛል። በ1949 ዓ.ም. የጃናሞራ ሕዝብ እንደራሴው አድርጎ በመረጣቸው ሰሞን፣ ጎንደር ፒያሳ ካለ ሱቅ ሁለት መቆለፊያ ያለው ቦርሳ ገዝተው መጡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስናቀች ቦርሳውን ከመደቡ ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን ተመለከቱት።

"ምን ሊገባበት ነው?" አሉ።

"የሕዝብ ጉዳይ ይገባበታላ።"

"ሁለት ቁልፍ ምን ያደርግለታል ታዲያ? ጉዳዩ እንዳያመልጥዎ ነው?"

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ሳቁ። ቤቱ ግን ሳምንት ሙሉ ቆዳ ቆዳ ሸተተ።

እኔ ያን ጊዜ ፊት አቦ ሰፈር ከግቢያቸው አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ እሳቸው ከሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምር ነበር። እሳቸው የአማርኛና የግብረ ገብ መምህር ነበሩ። አባታቸው የጎንደር ደብተራ፣ እናታቸው የጃናሞራ ባለርስት ልጅ ናቸው። ለእንደራሴነት ያበቃቸውም ያ የእናታቸው ርስትና ንባባቸው ነው። ሕገ መንግሥቱን ከዳር እስከ ዳር አንብበው፣ የአገር ገንዘብ የሚወጣበት ነገር ሁሉ በምክር ቤቱ ፊት ማለፍ እንዳለበት ለኔም ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው።

አንድ አመል ነበረቻቸው። ቅኔ ቤት ያደጉ ስለ ነበሩ፣ ሊናገሩ ሲነሡ ምስጋና ሳያደርሱ ወደ ነገሩ አይገቡም። መጀመሪያ ፈጣሪን፣ ቀጥሎ ንጉሠ ነገሥቱን፣ ከዚያ ሹማምንቱን፣ ከዚያ የተሰበሰበውን ሰው፣ አንዳንዴም አዳራሹን የሠሩትን ግንበኞች ያመሰግናሉ። አንድ ጊዜ ጠመኔ ማለቁን ለዲሬክተሩ ሊያስታውቁ ከመምህራን ስብሰባ ላይ ተነሡ። ምስጋናው ከግንበኞቹ ሳይደርስ ደወል ተደወለ። ዲሬክተሩም "ስለ መልካም ቃልዎ እናመሰግናለን" ብሎ ስብሰባውን ዘጋ። እኛም ሁለት ሳምንት ከነጩ ግድግዳ ላይ በከሰል ጻፍን። ያን ጊዜ ስቀናል፤ እሳቸውም ከኛ ጋራ ስቀዋል።

በ1952 መስከረም፣ መስቀል በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ የእናታቸው የአጎት ልጅ አያ ጎሹ ከጃናሞራ መጡ። መንደራቸው ከመካነ ብርሃን በላይ ነው። እስከ ደባርቅ በበቅሎ፣ ከዚያ ወዲህ በጭነት ማኪና ከጆንያ ላይ ተቀምጠው ስለ መጡ የኮሶዬ ዳገት ብርድ ከንፈራቸውን አድርቆታል።

"አያ ጎሹ፣ ምነው ሳይልኩብኝ? በቅሎ እሰድልዎ አልነበረም?" አሉ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ።

"በቅሎስ አለኝ። ያጣሁት ገብስ ነው።"

ከዚያ ተቀምጠው ነገሩን ከሥሩ አወጉን። ከዓመት በፊት፣ አንበጣ ማሳቸውን ሳይወር በሰኔ፣ አንድ የመንግሥት ሰው ደባርቅ ላይ ከግድግዳ ሥዕል ለጥፎ ነበር። ከሥዕሉ ላይ መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን አለ፤ ከሥሩ የብዙ አገር ባንዲራ ተደርድሯል። ሰውየውም አንበጣን የሚያጠፋ የመንግሥታት ማኅበር መቋቋሙን፣ የኛም መንግሥት እንደሚያዋጣበት ተናገረና "አንበጣ ሲታያችሁ አስታውቁ" ብሎ ሄደ።

"በጥቅምት በዛሪማ በኩል ታየ ሲሉን ሰው ሰደድን፤ አስታወቅን" አሉ አያ ጎሹ። "ሰማይ ሰማይ ስናይ ሰነበትን። የመጣው አውሮፕላን አይደለም፤ ያው አንበጣው ነው። ደግነቱ ገብሱን በእሸትነቱ አጭደን እኩሌታውን አዳንን። እንግዲህ የኛን ባንዲራ ከዚያ ሥዕል ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። ባንዲራችን ካለች ድርሻችንም አለች። ድርሻችን የት እንደ ገባች ጠይቅልን።"

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ጺማቸውን ዳበሱ። "ይህ እኮ የውጭ ጉዳይ ነው፣ አያ ጎሹ። ከትልልቆቹ በቀር የሚነካው የለም። ከባድ ነገር ነው።"

"አንበጣውም ከውጭ ነው የመጣው። ማሳችን ሲደርስ ግን የውጭ ነኝ ብሎ አልተመለሰም። ደግሞስ አንተን የመረጥንህ ለቀላሉ ነው? ለቀላሉማ ጭቃ ሹም አለን።"

ወይዘሮ አስናቀች ከጓዳ ሆነው ሲስቁ ተሰማ። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስም ብዕራቸውን አነሡ። በዚያ ባማረ ጽሕፈታቸው ሦስት ጥያቄ ጻፉ፦ ለዚህ ማኅበር ከመንግሥታችን በየዓመቱ ምን ያህል ይወጣል? ከወጣ በኋላ ለምን እንደ ዋለ የሚመረምረው ማነው? አውሮፕላኑ ምነው የጃናሞራን ሰማይ ሳያይ ቀረ?

በነአያ ጎሹ አገር መልእክተኛ መንገድ ሳይነሣ የተላከበትን ቃል ለላኪው በቃሉ ደግሞ ይመልሳል። "በል ሳታይ መልስልኝ" አሏቸው አያ ጎሹ። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ወረቀቱን ገልብጠው ሦስቱንም አንድ ቃል ሳያጎድሉ መለሱ። የትምህርት ቤቱን የማኅተም ቀለም ያመጣሁት እኔ ነኝ። አያ ጎሹ አውራ ጣታቸውን ሐምራዊው ቀለም ላይ ጫን አድርገው ከወረቀቱ ግርጌ አሳረፉ። ጣታቸውን በልጅነት ማጭድ ሰንጥቆት ኖሮ፣ አሻራው መካከሉን እንደ ቦይ የሚያቋርጥ ነጭ መሥመር ወጣበት።

"ይህች ጠባሳ ማኅተሜ ናት" አሉ። "አስመስሎ የሚቀርጻት የለም።"

ወረቀቱ ከቦርሳው ገባ፤ ሁለቱም መቆለፊያ ቀጭ ቀጭ አለ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ለክረምቱ ዕረፍት ከአዲስ አበባ ተመለሱ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ዝናብ ያዘንና ከአንድ ቅጥር ሥር ተጠለልን። "ጥያቄውስ እንዴት ሆነ?" አልኋቸው።

"የበጀቱ ቀን ነበር" አሉ። "ለመንግሥታት ማኅበራት የሚከፈለው መዋጮ ሲነበብ እጄን አወጣሁ። ተፈቀደልኝ። ወረቀቱ በእጄ ነበር፣ ምትኩ።"

"ታዲያስ?"

"ምስጋና አደረስሁ።"

ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው ግን የሚያዩት ጎርፉን ነው።

"ረዘመብኝ። ትንፋሽ ልወስድ ቆም ስል የጨረስሁ መሰላቸው፤ አጨበጨቡ። ሰብሳቢውም ስለ መልካም ቃሌ አመሰገኑኝና ወደሚቀጥለው ተሻገሩ።"

"እንደ ገና ቢነሡስ?"

"ማን ከለከለኝ? ማንም አልከለከለኝም። ልነሣ ብዬ ወንበሩን ይዤ ነበር። በኋላ አጠገቤ ያለው ሰው 'ግሩም ተናገርህ' ብሎ እጄን ጨበጠኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ጭብጨባው ደስ አለኝ።"

የጠመኔው ነገር ትዝ አለኝ። መሳቅ ግን አልቻልሁም። "የሚመጣው ዓመት አለ" አልኋቸው። "አለ" አሉ። ዝናቡ ሲያባራ ወደ ቤት ሄድን።

መስቀል ካለፈ በኋላ አያ ጎሹ አንድ ቅል ቅቤ ይዘው መጡ። ገና ሳይቀመጡ "ቃሉን አደረስህ?" አሉ።

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ወደኔ አዩ። ከዚያ መሬት መሬት እያዩ "አድርሻለሁ። ወረቀቱን ተቀብለውኛል። መልሱ በጽሑፍ ይመጣል" አሉ።

"ሸጋ። ከተቀበሉህ ሸጋ ነው።" አያ ጎሹ ወደኔ ዞሩ። "አንተ መምህሩ፣ እንዲህ ያለ መልስ ስንት ወር ይፈጃል?"

"የመንግሥት ነገር አንዳንዴ ይዘገያል" አልሁ።

ይህን እንድል ማንም አላስገደደኝም። ዝም ብል እንኳ አያ ጎሹ ብልህ ሰው ነበሩና ከዝምታዬ አንድ ነገር ያነቡ ነበር። ያቺ ዓረፍተ ነገር ከአፌ እንዴት እንደ ቀለለች ሳስብ እስከ ዛሬ እጸጸታለሁ። አያ ጎሹ ጠላቸውን ጠጥተው፣ ቤቱን መርቀው፣ ሁላችንንም ደህና ሰንብቱ ብለው ሄዱ።

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ወደ አዲስ አበባ በተነሡ በሳምንቱ፣ በጥቅምት 1953፣ አንበጣው እንደ ገና በዛሪማ በኩል ታየ። የሆነውን ከደባርቅ የመጡ ነጋዴዎች አወሩኝ። የመንደሩ ሰው እንደ ልማዱ ገብሱን በእሸትነቱ ሊያጭድ ማጭድ ስሎ ነበር። የከለከሉት አያ ጎሹ ናቸው። "ያን ጊዜ ያልመጡልን ስላልጠየቅናቸው ነው፤ ዘንድሮ ጥያቄያችን ከምክር ቤት ገብቷል፤ ልጃችን በእጁ ሰጥቷል። ጥቂት ታግሰን ሙሉውን ገብስ እናግባ" አሉ። በላቸው የሚባል ጎረቤታቸው "አያ፣ እሸቱ ይሻለናል" ብሎ ቢለምናቸው "የሰማይ ሰው ሲመጣ ምን አጨዳችሁ እንዳይለን" ብለው ቀለዱበት። አምስት ቀን ጠበቁ። በስድስተኛው ቀን አንበጣው ወረደ። እኩሌታው እንኳ አልተረፈም፤ የቀረው አገዳው ነው።

ይህን ለአቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ጻፍሁላቸው። መልስ አልጻፉልኝም። በዚያ ዓመት በጀት ሲነበብ መናገር አለመናገራቸውን አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አላወሩኝም። ዘመናቸው ሲያልቅ ተመልሰው ከድሮው ትምህርት ቤታቸው ገቡ፤ ጡረታ እስኪወጡም አስተማሩ። ሰው ሲጠይቀኝ ደግ ሰው ነበሩ እላለሁ። ነበሩም። የድኻ ተማሪ ደብተር ከኪሳቸው ይገዙ ነበር፤ የታመመ ሳይጠይቁ አይውሉም ነበር። በሰው ፊት ቆመው ሰውን ቅር የሚያሰኝ ነገር መናገር ብቻ አይሆንላቸውም ነበር። እኔም ከእሳቸው አልሻልም።

መስከረም 1954፣ መስቀል እንዳለፈ፣ አያ ጎሹ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። ከስተዋል፤ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ላይ አይቆምም። ወይዘሮ አስናቀች ውሃ አምጥተው እግራቸውን ሊያጥቡ ቢሉ "ቆዪ፣ ልጄ" ብለው መለሷቸው። ከመደቡ ጫፍ ቁጭ አሉ።

"ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ያን ወረቀት ስጠኝ።"

"የቱን፣ አያ ጎሹ?"

"የመልሱን። አይሆንም የሚል ቢሆንም ግድ የለም። እኔ ገብሱን አይደለም ያልሁህ፤ ገብስ ተመልሶ ይዘራል። በሸንጎ ቃል ስጀምር ሰው ጎን ለጎን ያወራል። በላቸው እንኳ፣ በክርስትና ያነሣሁት ልጅ፣ እኔ ስናገር ጫማውን ያያል። ጎሹ ዋሸን ይላሉ። ጠይቀን ነበር፣ ይኸው የመለሱልን ብዬ ላሳያቸው።"

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ተነሥተው ቆሙ። እጃቸውን አጣምረው "አያ ጎሹ፣ በቅድሚያ ለዚህ ቀን ያደረሰን አምላክ..." ብለው ጀመሩና አቆሙ። ምስጋና ጀምረው ሳይጨርሱ ሲተዉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወደ ግድግዳው ሄደው ቦርሳውን ከተሰቀለበት አወረዱ። መቆለፊያዎቹን ከፈቱ። ያ የቆዳ ሽታ ወጣ፤ አምስት ዓመት ሙሉ አልለቀቀውም። አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው በሁለት እጃቸው ለአያ ጎሹ ሰጡ።

አያ ጎሹ ማንበብ አይችሉም። ወረቀቱን ዘርግተው ወደ በሩ ብርሃን አስጠጉት። ከላይ ጀምረው መሥመር መሥመሩን በዓይናቸው ወረዱና ከግርጌው ላይ ቆሙ። አውራ ጣታቸውን አወጡ፤ ጣቱን አዩ፤ ወረቀቱን አዩ። ሐምራዊው ቀለም አልደበዘዘም። ነጩ መሥመር መካከሉን እንዳቋረጠው ነው።

"ይህ የኔ ነው" አሉ።

"አዎ።"

"የነሱስ?"

"የነሱ የለም፣ አያ ጎሹ። አልሰጠኋቸውም። አልጠየቅሁም።"

አያ ጎሹ ወደኔ ዞሩ። "አንተስ? ታውቅ ነበር?"

ያን ጊዜ ማንም ሳያስገድደው የፈጠነው አፌ አሁን እምቢ አለኝ። አዎ ለማለት ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ።

ወረቀቱን እንደ ነበረ አራት ላይ አጠፉት። ከጋቢያቸው ሥር፣ ከደረታቸው ከተቱት። ከመደቡ ጋር ያስደገፉትን ዱላ አነሡ። ወይዘሮ አስናቀች ከጓዳ ምግብ ይዘው ብቅ ብለው "አያ ጎሹ፣ ምነው? እህል ሳይቀምሱ?" አሉ። አያ ጎሹ እንዳይገፏቸው በጥንቃቄ ፈቀቅ ብለው በጎናቸው አለፉ። በእሳቸው አገር ሰው ከደመኛው ቤት እንኳ ደህና ዋሉ ሳይል አይወጣም። ሦስታችንም ያቺን ቃል ጠበቅን። አያ ጎሹ የበሩን ደፍ ተሻገሩ፤ ዱላቸው ከግቢው ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ተሰማ፤ ከዚያ የውጭው በር ተዘጋ።