በዘውድነሽ ስም የተተከለው ጽድ

ወርቅአየሁ ስትናደድ ድምጿ ከፍ አይልም፤ ይወርዳል። ኮተቤ አካባቢ ባለው የሳሙና ፋብሪካ፣ ማሸጊያ ክፍል ውስጥ አብረዋት የሠሩ ሴቶች ይህን ጠባይዋን አሳምረው ያውቁታል። እየጮኸች ስትሠራ ደህና ናት ማለት ነው። ቀስ ብላ መናገር ስትጀምር ግን አለቃም ቢሆን መንገድ ይለቅላታል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ካርቶን ስታጥፍና ስታሽግ ኖራ፣ ከቴፕ መቁረጫው ጋር ከመታገል ብዛት የቀኝ አውራ ጣቷ ጠምሞ ቀርቷል።

ካቻምና ፋብሪካው አዲስ የማሸጊያ መስመር አስገባ። ካሜራው ይቆጥራል፣ የብረት ክንዱ ያሽጋል፣ ኮምፒውተሩ የትኛው ጭነት በየትኛው መኪና እንደሚሄድ ያዛል። በዚያ ሰሞን ሠላሳ አራቱ የማሸጊያ ሴቶች አዳራሽ ተጠርተው ፋብሪካው ዲጂታል መሆኑ ተበሰረላቸው። አጨብጭቡ ተባሉ፤ አጨበጨቡ። በሳምንቱ ለሃያ አምስቱ የስንብት ደብዳቤ ደረሳቸው። የቀሩት ዘጠኙ አረንጓዴ ፕሮጀክት ወደሚባል ነገር ተዛወሩ። ወርቅአየሁ ከዘጠኙ አንዷ የሆነችው ቤቷ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ስለሆነ ነው። ፕሮጀክቱ እዚያው ተራራ ላይ ነበርና።

ሥራው ባሕር ዛፉ በተመነጠረበት ዳገት ላይ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ችግኝ መትከል ነበር፤ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ። መኪናው ጭቃውን ፈርቶ ታች ስለሚቆም ችግኙን በሣጥን እየተሸከሙ ያወጡት ሴቶቹ ናቸው። እያንዳንዱ ችግኝ ቁጥር ያለው የፕላስቲክ መለያ ታሰረለት። ከዚያ ወር ጀምሮ ከፋብሪካው በሚወጣው የሳሙና ካርቶን ላይ ኪውአር ኮድ ይታተም ጀመር። ካርቶኑን የገዛ ነጋዴ ኮዱን በስልኩ ሲያነሣው የራሱ ዛፍ ይመጣለታል፤ ቁጥሩ፣ በካርታ ላይ ያለበት ቦታ፣ በየወሩ የሚታደስ ፎቶው። ከፈለገም ለዛፉ ስም ያወጣለታል።

ወርቅአየሁ በዚህ ሥራ ደስ ብሏት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ያሸገችው ሁሉ ተጭኖ ሲሄድ እንጂ የት እንደደረሰ አይታ አታውቅም። ይሄኛው ግን ደጇ ላይ ቆማ የምታየው ነበር። ስምንቱ ባልደረቦቿ ዳገቱና ብርዱ አማርሯቸው ክረምቱ ሳይወጣ አንድ በአንድ ለቀቁ። ተራራው ላይ እሷና ጥበቃው ሊሊሳ ብቻ ቀሩ።

ኅዳር ሲገባ የእንጦጦ ነፋስ አፈሩን ያደርቀው ጀመር። የኮሶው ቅጠል ዳር ዳሩን ቡናማ ሆነ። ወርቅአየሁ ለፋብሪካው የዘላቂነት ክፍል ኃላፊ ደወለች። ምንያህል ይባላል፤ ሠላሳ ያልሞላው፣ ንግግሩ ለስላሳ የሆነ፣ እሷን "እናቴ" እያለ የሚጠራ ሰው ነው። በሳምንት አንድ ቦቴ ውሃ ቢላክ ችግኙ እንደሚተርፍ ነገረችው። በጀቱ ለተከላ እንጂ ለውሃ እንዳልተያዘ አስረዳት። ደግማ ደወለች። ሦስተኛ ጊዜ ቢሮው ድረስ ወርዳ ለመነችው። አራተኛ ጊዜ ታች መንገዱ ላይ ጠብቃ መኪናውን አስቆመችው።

ታኅሣሥ ላይ ምንያህል ራሱ ወደ ተራራው ወጣ። ውሃ አላመጣም፤ አዲስ ስልክ ነበር ያመጣላት። በስልኩ ውስጥ ያለው አፕ እያንዳንዱን ችግኝ በወር አንድ ጊዜ ፎቶ እንድታነሣ ያዛል፤ ፎቶው በቀጥታ ለካርቶኑ ባለቤት ይደርሳል። ወርቅአየሁ ስልኩን አገላብጣ አየችና የደረቁትን ምን እንደምታደርጋቸው ጠየቀችው።

"የደረቀው ሲስተሙ ላይ በቀይ ይታያል፤ ቀይ ከበዛ የአካባቢ ጥበቃ ሰርተፍኬታችን ይያዛል፣ እናቴ" አላት። "ከላይ ካቡ ሥር ያሉት ስድስቱ ጥሩ ናቸው። እነሱን ከተለያየ አቅጣጫ አንሺና በደረቁት ቁጥር አስገቢ። ለጊዜው ነው።"

ከድንጋዩ ካብ ሥር ቀጭን ምንጭ ስለሚያዥ ስድስቱ ጽዶች ለምልመው ነበር። አፑ ችግኙ ካለበት ቦታ ውጭ የተነሣ ፎቶ እንዳይቀበል ሆኖ ነው የተሠራው፤ ምንያህል ግን ያንን መቆለፊያ እዚያው ፊቷ ከፈተላት።

አደረገችው። ልጇ ሀሴት ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበረች፤ ሥራ የሚሰጥ ሌላ ሰው ደግሞ ተራራው ላይ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ከጎረቤት በለመነችው ጀሪካን የቻለችውን ያህል ታጠጣለች፣ ከሰዓት ካቡ ሥር ተንበርክካ ስድስቱን ጽዶች ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይ እያነሣች ትዋሻለች። የካቲት ላይ "ታታሪ የመረጃ ሠራተኛ" የሚል የምስጋና ወረቀት ተላከላት። ወረቀቱን ቀዳ ጣለችው፤ ለማን እንደምትናደድ ግን ገና አላወቀችም ነበር።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ስልካቸውን ፊት ፊታቸው ይዘው ዳገቱን ሲወጡ አየች። በሁለት እጃቸው ነበር የያዙት፤ ትንፋሻቸው ያጥራል። አቶ ወንድይራድ እንደሚባሉ፣ አያት ሰፈር የጅምላ ሱቅ እንዳላቸው ነገሯት። የሚፈልጉት ቁጥር ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሰባትን ነው። ዛፉን በሟች ባለቤታቸው በወይዘሮ ዘውድነሽ ስም ሰይመውታል። ሰኔ ላይ ሙት ዓመቷ ስለሆነ ልጆቻቸውን ወደዚህ ሊያመጡ አስበዋል፤ ዛሬ መንገዱን ለማየት ነው የቀደሙት።

ካርታው እየመራቸው ሄዱ፤ ወርቅአየሁ ከኋላ ተከተለቻቸው። ስልኩ ደርሰዋል ያላቸው ቦታ ላይ ሲቆሙ ጉድጓዱ ውስጥ የነበረው የደረቀ ጭራሮ ነው። መለያው ግን ደህና ነበር፤ 2317 ይላል። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ቁጥሩን አነበቡ። ከዚያ ስልካቸው ላይ ያለውን ለምለም ጽድ አዩ፤ ከጽዱ ጀርባ ያለውን የድንጋይ ካብ አዩ፤ ዙሪያቸውን ቃኙ። እዚያ አካባቢ ካብ የለም።

ካርታው ተሳስቶ ነው የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። እሳቸውም ያምኗት ነበር፤ እንዲያውም እንድትላቸው የጠበቁ ይመስላሉ።

"ጋሼ፣ ፎቶውን ያነሣሁት እኔ ነኝ" አለች። "ዛፉ ሌላ ነው። የእርስዎ ጥር ላይ ደርቋል።"

ወደ ካቡ ወስዳ እውነተኛውን ጽድ አሳየቻቸው። ጽዱንም ካቡንም ከስልካቸው ጋር አስተያዩ። ብዙ ነጋዴ ጓደኞቻቸው ይህን ፎቶ አይተው እግዜር ያጥናህ ብለዋቸዋል፤ ይህንንም ነገሯት። ወርቅአየሁ ስለ ውሃው፣ ስለ ምንያህል፣ ስለ ሀሴት ልትነግራቸው ጀመረችና አቆመች፤ ሲናገሩት የሰበብ ጣዕም ነበረው።

"ስንት ሰው ላይ ነው ይህን ያደረግሽው?" አሏት።

"አልቆጠርኩም።"

"እንግዲያው ቁጠሪ" ብለዋት ደህና ዋዪም ሳይሏት ወረዱ።

ያን ቀን በሽማግሌው ተናደደች፤ ስለ እሷ ኑሮ ምን ያውቃሉ? በራሷ ተናደደች። ከሁሉም በላይ ግን "ለጊዜው ነው" የምትለዋ ቃል እንደ እሾህ ወጋቻት። ለጊዜው የተባለው አምስት ወር ሆኖታል፤ በአምስት ወር ውስጥ አንድ ቦቴ እንኳ ዳገቱን አልወጣም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳመችና ቀጥታ ወደ ተከላው ሄደች። ሊሊሳ ቁጥር እየጠራላት፣ እሷ እያነሣች፣ ከመጀመሪያው ጉድጓድ ጀመሩ። የቆመውን እንደቆመ፣ የደረቀውን እንደደረቀ፣ ባዶውን ጉድጓድ እንደ ባዶነቱ፣ እያንዳንዱን በራሱ ቦታና በራሱ ቁጥር። ሊሊሳ መጀመሪያ ላይ አንቺም እኔም እንባረራለን ብሏት ነበር። ሁለት መቶ ላይ ሲደርሱ ይህን ማለቱን ትቶ እሱም መሳደብ ጀመረ። ሦስት ቀን ፈጀባቸው። የሞተው አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ስድስት ሆነ። አፑ አንዱንም አልመለሰም፤ ሁሉንም ተቀብሎ "የዛፍዎ አዲስ ፎቶ ደርሷል" ከሚል መልእክት ጋር ለየባለቤቱ ላከው።

ማክሰኞ ማታ የፋብሪካው ስልክ መጮህ ጀመረ። ረቡዕ ጠዋት ምንያህል ላብ በላብ ሆኖ ዳገቱን ወጣ።

ማን እንደፈቀደላት ጠየቃት። ውጭ ያሉ ደንበኞች ገጹን እንደሚያዩት፣ ሰርተፍኬቱ ከተነጠቀ የወጪ ንግዱ እንደሚቆም፣ ፋብሪካው ከተጎዳ ቀድሞ የሚጎዳው ሠራተኛው እንደሆነ ደረደረላት። ወርቅአየሁ እስኪጨርስ ጠበቀችው። እስከዚያ ቀን አንድም ጊዜ አንተ ብላው አታውቅም ነበር። ሊሊሳ አጠገባቸው ቆሞ እንኳ የሰማት በግድ ነው።

"አራት ጊዜ ውሃ ብዬ ለመንኩህ" አለችው። "ስልክ ሰጠኸኝ። ይኸው፣ ሠራሁበት። ሠራተኛውን ደግሞ አትጥራብኝ። ሠራተኛውን ቀድማችሁ ሸኝታችኋል።"

ስልኩን ከእጇ ተቀበላትና ወረደ።

የስንብት ደብዳቤው ዓርብ ደረሰ። ምክንያቱ "የድርጅቱን ዲጂታል መረጃ ሆን ብሎ በማዛባት" ይላል። ሀሴት ጮክ ብላ ስታነብላት ወርቅአየሁ እዚያች ቃል ላይ አስቆመቻት፤ ደግማ አስነበበቻት። አምስት ወር ስትዋሽ ታታሪ ነበረች፤ ሦስት ቀን እውነቱን ብታስገባ አዛባች። የሰው መናደድ ልክ አለው ትል የነበረችው ሴት ያን ሰሞን እንቅልፍ አጣች፤ እህል አልበላ አላት። ከሥራ መባረሯን ተቃውማ ክስ መሠረተች። ጉዳዩ ሁለት ጊዜ ተቀጥሯል፤ እስካሁን አልተወሰነም።

አቶ ወንድይራድ አንድ ጊዜ ብቻ ደውለውላታል፤ የስልክ ቁጥሯን ከሊሊሳ ነው ያገኙት። የደረቁት ስንት እንደሆኑ ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ይቅርታ አላደረጉላትም፤ እሷም አልጠየቀቻቸውም። ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማችው ከሌላ ሰው ነው። ሽማግሌው አያት ላይ ያሉ አሥራ አንድ ነጋዴዎችን ሰብስበው ውሃው እስኪላክ ድረስ የዚያን ፋብሪካ ካርቶን አናወርድም ብለዋል። ጭነት የያዙ ሁለት መኪናዎች ደጃፍ ደርሰው ከነጭነታቸው ተመለሱ። ኮምፒውተሩ ለዚህ የሚሆን ትእዛዝ አልነበረውም።

ግንቦት ሁለተኛው ሳምንት ላይ ቦቴ መጣ። ኮዱ ከካርቶኑ ላይ ጠፋ። ምንያህል ወደ ሌላ ክፍል በዕድገት ተዛወረ መባሉን ወርቅአየሁ ስትሰማ የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ ከቤት ወጣች፤ እስክትረጋጋ ድረስ አልተመለሰችም።

የቦቴውን ድምፅ ሰምታ ወደ ተከላው ስትወጣ ቀትር ላይ ነበር። ሁለት የኤጀንሲ ሠራተኞች የውሃ ጎማውን በሙሉ ኃይሉ ለቀው ችግኙን ይመቱታል። አፈሩ ታጥቦ ይሄዳል፤ የተረፈው ጽድ ሥሩ ወጥቶ ይታያል። በጠራራ ፀሐይ ውሃ አይጠጣም፣ እንዲህም አይጠጣም ብትላቸው አንደኛው ማን ነሽ አላት። ማንነቷን ለማስረዳት ጊዜ አላጠፋችም። ጎማውን ነጥቃ አፉን በመዳፏ ጨብጣ ኃይሉን ሰበረችውና እንዴት ሥሩ ዙሪያ ቀስ ተብሎ እንደሚፈስ አሳየቻቸው። ፀሐይ እስኪበርድ አስቀመጠቻቸው፤ ከዚያ አብራቸው እስኪመሽ አጠጣች። ማንም ለዚያ ቀን አልከፈላትም።

በማግስቱ ከፋብሪካው ትእዛዝ መጣ፤ የተሰናበተችው ሠራተኛ ወደ ተከላው እንዳትገባ። ሊሊሳ የተከላው የሽቦ በር ላይ ቆሞ ትእዛዙን አንድም ቃል ሳያስቀር ነገራት፤ ነግሯት ሲያበቃም በሩን ከፈተላት።