ካራቫኑ በር ላይ

ባለፈው ሳምንት አምቦ ውስጥ፣ አዲስ ሕንፃ በሚሠራበት ግቢ በር ላይ፣ ጎማ ያለው አሮጌ ካራቫን ቆሞ አየሁ። መስኮቱ ላይ የታጠበ ካልሲ ተሰጥቷል። ዝም ብዬ ማለፍ ስችል ተጠግቼ በእጄ ነካሁት። ፀሐይ ያጋለው ቆርቆሮ፣ የናፍጣና የእርጥብ ፍራሽ ሽታ። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

እኔና ባለቤቴ ሁለት ዓመት ያህል የኖርነው እንደዚያ ባለ ካራቫን ውስጥ ነበር። ደርግ ወድቆ እሱ የነበረበት ጦር ሲበተን ብዙ ጊዜ ሥራ አጥቶ ቆየ። በኋላ ወደ ጎጆ ከተማ የሚወስደውን መንገድ የሚጠግን ድርጅት በጥበቃነት ቀጠረው። «ሚስቴም ዓይን አላት» ብሎ እኔንም አስቀጠረኝ። እሱ ሌሊቱን፣ እኔ ቀኑን የካምፑን በር እንጠብቅ ነበር። ሥራው ወደፊት በሄደ ቁጥር ግሬደር መጥቶ ቤታችንን ይጎትተዋል፤ እኔ ድስቶቼን ፍራሹ ላይ አስተኝቼ ከኋላ በእግሬ እከተላለሁ።

እኔ የእንጭኒ ልጅ ነኝ፣ ብርድ አላውቅም አልልም። የጎጆው ግን ሌላ ነው። እዚያ ያኖሩኝ በየጠዋቱ ወተት የሚያመጡልን ሴት ነበሩ። አዴ፣ እናቴ እንደ ማለት፣ እላቸው ነበር። አርግዤ በሦስተኛው ወር ሲያስወርደኝ ባለቤቴ አምቦ ወርዶ ነበር። ደም የነካውን አንሶላ ወንዝ ወስደው ያጠቡልኝ፣ ጋቢያቸው ውስጥ አስገብተው ያሞቁኝ እሳቸው ናቸው። «አልቅሺ እንጂ፣ እዚህ ማን ይሰማሻል» አሉኝ።

አንድ የገበያ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ገልባጭ መኪና እየተወላገደ መጥቶ በሩን አልፎ ቆመ። ሾፌሩ ዘሎ ወረደ። ፊቱ ዐመድ መስሏል።

«ዝጊው! እባክሽ በሩን ዝጊው!» አለና ባለቤቴ የተኛበት ካራቫን ውስጥ ገባ።

ዘጋሁ። ከዚያ የመኪናውን የፊት ጎማ አየሁ። ወተትና ደም ተቀላቅሎ ይንጠባጠብ ነበር።

ኡኡታው ከመንገዱ መጣ። አንድ የቀን ሠራተኛ እየሮጠ ደርሶ «አዴን ገጫቸው። ሞተዋል። አልቆመም እኮ!» አለኝ። ከኋላው ገበያተኛው በሙሉ ይመጣል፤ ዱላ፣ ማጭድ፣ ድንጋይ። የካምፑ ፎርማን በጓሮ አጥር ዘሎ ጠፋ። የመጀመሪያው ድንጋይ የካራቫኑን መስኮት አረገፈው። ከዚያ በኋላ መቁጠር አይቻልም ነበር።

ከፊት የቆሙት የአዴ ባል ነበሩ። ነጠላቸው በደም ርሷል። አዴን አንስተው አቅፈዋቸው ኖሯል።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ድምፃቸው የሚጮህ ሰው ድምፅ አልነበረም። «እዚህ ገብቷል?»

ባለቤቴ ውስጥ እንዳለ አውቅ ነበር። ግን ያን ሰዓት ያየሁት ያን ጎማ ብቻ ነው። እጄን አነሳሁና ወደ ካራቫኑ ጠቆምኩ። የካምፑን በርም የከፈትኩት እኔ ነኝ።

ሰዉ ገፍቶኝ ገባ። ሾፌሩን በፀጉሩ ጎትተው መሬት ላይ ጣሉት። ባለቤቴ ከኋላ በባዶ እግሩ ወጥቶ ላዩ ላይ ወደቀበት፤ በእጆቹ ጭንቅላቱን ሸፈነለት። ዱላው አልቆመም። አጥንት ሲሰበር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ። «ባሌ ነው! ባሌ ነው!» እያልኩ በሰው እግር መሃል ስድህ አንድ ሰው ረገጠኝ፤ ይህ ጣቴ ጠማማ የቀረው ያኔ ነው።

«ዲሳ! ተዉ!» ብለው የጮኹት የአዴ ባል ነበሩ። ዱላ ያነሳውን ሰው በክንዳቸው አንቀው ያዙት። «ይሄ የሷ ባል ነው! ተዉ!» ከዚያ እዚያው ቁጭ ብለው፣ በደም በራሰው ነጠላ ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ።

ፖሊሶች ሲደርሱ ሾፌሩ ይተነፍስ ነበር። ታስሮ፣ ተፈርዶበት፣ በሕይወት ወጣ። ባለቤቴ አምቦ ሆስፒታል ብዙ ቀን ተኛ። መንጋጋው ዳነ፣ ግራ ጆሮው ግን ከዚያ ወዲህ ሰምቶ አያውቅም። እኔ ለአዴ ለቅሶ አልሄድኩም። በምን ዓይኔ?

ዓመታት አለፉ። አምቦ ቤት ተከራይተን ልጆች ወለድን። ሰው ስለ ጆሮው ሲጠይቀው ባለቤቴ «ሕዝቡ ሾፌሩን ፈልጎ አገኘው» ይል ነበር። እኔ ቃሉ በመጣ ቁጥር ወደ ጓዳ እገባለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ድንች እየላጥን ሳለ፣ አላስቻለኝም።

«ያን ቀን የጠቆምኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

ቢላዋውን አላስቀመጠም። «በመስኮቱ አይቼሻለሁ» አለኝ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልክ?»

«እኔም ጦሩ ውስጥ እያለሁ በጣቴ ጠቁሜ ያስያዝኩት ሰው ነበር። ላዩ ላይ የወደቀለት አልነበረም።»

ድንቹን ልጦ ጨረሰ። ከዚያ ወንበሩን አዞረና የሚሰማውን ጆሮውን ወደ እኔ አደረገ።

«አዴ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ? እኔ ቀን እተኛ ነበር፤ በደንብ አላውቃቸውም። እስቲ ንገሪኝ» አለኝ።

ልጆቹ ከትምህርት ቤት እስኪመጡ ድረስ ነገርኩት።