እናቴ ያልጠራችው ስም

ሰባት ወር የደከምኩበትን ፊልም ኢንተርኔት ላይ ስድሳ ሦስት ሰው አየው። ከስድሳ ሦስቱ ቢያንስ ሃያው እኔው ነኝ፤ ድምፁ ተስተካክሎ እንደሆነ ለማየት እየደጋገምኩ እከፍተው ነበር። ሆሳዕና ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ አንጋጫ እናቴ ቤት እሄድና እንሰቷን በስልኬ እቀርጻለሁ። ሲተከል፣ ሲነቀል፣ ሲፋቅ፣ ጉድጓድ ገብቶ ሲብላላ፣ ቆጮው ሲጋገር፤ በድምሩ ሠላሳ አንድ ደቂቃ። ሥራውን እንደ እሷ የሚያውቁ ሴቶች እያለቁ ስለሆነ፣ እውቀታቸው አብሯቸው እንዳይቀበር ብዬ ነው። ከተማሪዎቼ ያየችው አንዷ ብቻ ነበረች፤ እሷም "ቲቸር፣ ረዘመ" አለችኝ።

ከፊልሙ ቆርጬ ያስቀረኋት አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ነበረች። እናቴ ቆጮ የምትከትፍበትን ዕቃ ከፍ አድርጋ ይዛለች። ሁሉም ሰው እንዲገባው በአማርኛ ተናገሪ ብያታለሁ። ምን ይባላል? ስላት፣ "ይኼ... ይኼ የሚከትፈው። ስለት ያለው። ገበያ የሚሸጠው" እያለች ዙሪያ ጥምጥም ትሄድና በመጨረሻ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች።

በእኛ በከምባታ ያገባች ሴት የአማቷን፣ የባሏን አባት፣ ስም አትጠራም። ስሙ ብቻ ሳይሆን ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ቃል ሁሉ ከአፏ አይወጣም፤ ወይ ሌላ ቃል ትተካለታለች፣ ወይ እንደ እናቴ ዞራ ትናገራለች። ወጣቶቹ ትተውታል። የእናቴ እኩዮችም ቢሆኑ አማርኛ ሲናገሩ ያላሉታል፤ እናቴ ግን በአማርኛም አታላላም። ካገባች አርባ ዓመት ሆኗታል፣ አማቷ፣ አያቴ፣ ከሞተም ሃያ አልፎታል፤ አንድም ቀን አላመለጣትም። ሽማግሌዎች አዲስ ሙሽራ ሲመክሩ የሚጠቅሱት እሷን ነው። ለይሉኝታ አይደለም የምታደርገው፣ ትወደው ነበር። የመጀመሪያ ልጇ የሞተባት ጊዜ ሦስት ቀን እህል ሳይቀምስ አጠገቧ የተቀመጠው እሱ ነው። እኔ የልጅ ልጁ ስለሆንኩ ልማዱ አይከለክለኝም፤ ቢሆንም በስሙ ድምፅ የሚጀምረውን የዚያን ዕቃ ስም እዚህ አልጽፈውም።

አንድ እሑድ ከቸርች መልስ ያቺን ስድሳ ሦስት ቁጥር አየሁና ተበሳጨሁ። እስቲ አጭር ከወደዱ አጭር እንካችሁ ብዬ አሥራ ዘጠኟን ሰከንድ ለጠፍኳት። አንድ መስመር ማብራሪያ አልጻፍኩም። ምን ያስጽፈኛል? ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ አንዲት ሴት ዞራ ስትናገር ምክንያቱ ያልገባው ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። እኛ ጋ እንዲህ ያለች ሴት የምትታየው በአክብሮት ነው። አገሩ ሁሉ አንጋጫ መሰለኝ፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ አልክደውም።

ማክሰኞ መቶ ሺህ ሰው አይቷት ነበር። ሐሙስ ሚሊዮን አለፈች። ሥሯ የተጻፈውን ሳነብ ደሜ ፈላ። የገዛ ዕቃዋን ስም የማታውቅ፣ አማርኛ አስተምሯት፣ የገጠር ሴት ጉድ አያልቅም። አንዱ የሳቅ ድምፅ ጨምሮባት መልሶ ለቀቃት፣ ሌላው በድምፅዋ ጨፈረባት። ሆሳዕና ውስጥ የባጃጅ ሾፌሮች "ይኼ የሚከትፈው" እየተባባሉ መጠራራት ጀመሩ። ርዕሰ መምህራችን ደግሞ በሰልፍ ላይ ትምህርት ቤታችንን አስጠራች ብለው አስጨበጨቡልኝ፤ ለተቋሙም እንደዚያ ዓይነት አንድ እንድሠራ ጠየቁኝ። በምን አስጠራሁት? በእናቴ መሳቂያ መሆን?

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። የሚታየውን የሚመርጠው ማነው? እናቴ እንሰቱን ቆርቁራ ድምፁን እየሰማች ለመነቀል መድረስ አለመድረሱን የምትለይበት ቦታ አለ፤ እሱን ለመቅረጽ አራት ቅዳሜ ዝናብ መትቶኛል። ማንም አላየውም። ቆርጬ የጣልኩት ግን በአራት ቀን አገር አዳረሰ። ዕድል ነው ይሉኛል። ዕድል ብሎ ነገር የለም፤ መሳቅ የሚፈልግ ሕዝብ አለ፣ የሚሳቅበትን እየለቀመ የሚያቀርብ ማሽን አለ፣ ቁጥር የራባት እንደኔ ዓይነትም አለች።

ቪዲዮውን አጠፋሁት። ምን ዋጋ አለው፣ በየሰዉ ስልክ ተባዝቷል። ይብስ ብሎ አንድ የአገራችን ተወላጅ ለእናቴ ጥብቅና የቆመ መስሎት ሌላ ቪዲዮ ሠራ። ልማዱን ጥሩ አድርጎ አስረዳ፤ ክብር እንጂ አለማወቅ አይደለም አለ። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ እጁን እስም ነበር። ቀጠለና የአያቴን ስም ከነአባቱ ጠራው። የእሱ ቪዲዮ ከእኔም በላይ ታየ። ከዚያ ወዲያ የሰዉ ጥያቄ አንድ ሆነ፦ ትጥራው። አንጋጫ ገበያ ቅቤ ልትገዛ ስትወጣ ጎረምሶች ስልክ ደግነው "እማማ፣ አንዴ ጥሪው" ይሏታል። አንዳንዱ ራሱ ስሙን እየጮኸ ፊቷን ይቀርጻል፣ ምን እንደምትሆን ለማየት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስደርስ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ስልኩን በማቆሚያ ገትሮ ግቢያችን ውስጥ ተቀምጧል። እናቴ ቆጮና አይብ አቅርባለታለች፣ እንግዳ ነውና። እየበላ ይቀርጻታል። አንድ ጊዜ ብቻ ስሙን ይጥሩት፣ ሕዝቡ እየጠበቀ ነው ይላታል። እሷ አቀርቅራ መሬት መሬቱን ታያለች። ማቆሚያውን አንስቼ ከአጥሩ ውጪ ወረወርኩት። ሰውዬው እብድ ናት እያለ ወጣ፤ ያንንም ለጥፎታል አሉ፣ አላየሁትም።

አጠገቧ ቁጭ ብዬ መለፍለፍ ጀመርኩ። እንዳጠፋሁት፣ ከስሼ እንደማስቀጣ፣ ማብራሪያ ጽፌ እንደምለጥፍ። እስክጨርስ ሰማችኝና በከምባትኛ ጠየቀችኝ።

"ስንት ሰው አየው?"

ቁጥሩን ነገርኳት። ቁጥሩ ምንም አልመሰላትም።

"ከአንጋጫ ገበያ ይበልጣል?"

"ይበልጣል።"

"ከአንጋጫና ከሺንሺቾ ገበያ?"

"ሁለቱ ተደምረውም አይደርሱበትም።"

"ታዲያ ሁሉም ስሙን ሰሙት?"

ሰሙት አልኳት፤ ይጠሩታልም አልኳት፣ መዋሸት አቃተኝ። የእንግዳውን ሳህን አነሳች፣ የተረፈውን ቆጮ ለዶሮዎቹ ፈረፈረችላቸው።

"እንግዲህ ያልጠራሁት አንድ እኔ ቀረሁ" አለች።