የውሃ መርዶ

አምቦ ውስጥ በአንድ የውሃ መሥሪያ ቤት የደንበኞች አገልግሎት ላይ እሠራለሁ። ውሃ ከመቋረጡ በፊት ማስታወቂያ እለጥፋለሁ፣ በቴሌግራምም እለቃለሁ። ያም ሆኖ ውሃው በጠፋ ማግስት ደንበኛው መስኮቴ ላይ ተሰልፎ «ለምን አልነገራችሁንም?» ይለኛል። በመጨረሻ አለቃዬ «ከእንግዲህ አንድ ሰው እንኳ አልሰማሁም ብሎ ቢመጣ ወንበሩን ለሌላ ትለቃለህ» አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ የእኛ ሰፈር ውሃ ለሦስት ቀን ሊቋረጥ ሆነ። እኔም የእድራችንን ጥሩምባ ነፊ ኦቦ ገመቹን ለምኜ በዋዜማው ማለዳ አስነፋሁ።

ገና ሁለቴ እንደተነፋ ሰፈርተኛው ነጠላውን አዘቅዝቆ ግር ብሎ ወጣ። ይህን እኔ ጨርሶ አላሰብኩትም። አንዲት እናት ደረታቸውን ይዘው «ማነው የሞተው፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ማንም አልሞተም እማማ። ነገ ውሃ ይቋረጣል» አልኩ መሬት መሬት እያየሁ።

ኦቦ ገመቹ ሊያግዙኝ ፈልገው «ሦስት ቀን ነው የሚቆየው» ብለው ጨመሩ፣ ልክ ለቅሶ እንደሚያስታውቁ።

ከዚያ የወረደብኝን ስድብ አልነግራችሁም። ግን እየሰደቡኝ ጀሪካናቸውን ሞሉ። በሦስቱ ቀን መስኮቴ ላይ አንድም ሰው አልመጣም። አለቃዬ በስብሰባ ላይ ስሜን ጠርቶ አስጨበጨበልኝ።

በሳምንቱ ማለዳ ጥሩምባው እንደገና ተነፋ። አሁን እውነተኛ መርዶ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ጀሪካን ይዞ ወጣ። የውሃ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ እኔ ራሴ፣ ሁለት ጀሪካን አንጠልጥዬ ከፊት ነበርኩ።