ጥርስ ሠሪዋ አክስቴ የሠራቻቸው ቀያይ የገና ኳሶች

ይሄን ነገር ለሰው ሳልነግር መቀመጥ አቅቶኛል። ፕሪንተር ያላችሁም የሌላችሁም፣ ብቻ የገና ዛፍ ላይ የሚንጠለጠል ነገር ከሰው ገዝታችሁ ቤታችሁ ያስገባችሁ ሁሉ ስሙኝ። ወሬ ይበዛብኛል፣ አውቃለሁ። ታገሱኝ፣ ዋናው ጋ እደርሳለሁ።

ነገሩ የአክስቴ ነው፣ የእናቴ ታናሽ እህት። ሰፈር ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ጥርሷ» ነው የሚሏት። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስትሠራ ነው የኖረችው። መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ፈገግ ካሉላት ሰላምታውን ትታ አፋቸውን ነው የምታየው። «የላዮቹ የኔ ናቸው፣ የታቾቹን ግን ማነው እንደዚህ የተጫወተብዎት?» ትላለች፣ እዛው፣ ሰው እየሰማ። ሽማግሌውም አፋቸውን ግጥም አድርገው ያልፋሉ።

አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። አክስቴ ቀዳዳ አትወድም። ጥርስ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ ካየች ሥራውን ሰብራ ከመጀመሪያው ትነሳለች። «ቀዳዳ ውስጥ ምግብ ይገባል፣ ምግቡ ይሸታል፣ ሽታው የኔ ስም ይሆናል» ትላለች። አሠሪዋ ራሱ ይፈራት ነበር። ቤቷም እንደዛው ነው፤ ግድግዳ ላይ ምስማር ከነቀለች ቦታውን ሳትደፍን እንቅልፍ አይወስዳትም።

የምትሠራበት ቤት ሲዘጋ ባለቤቱ አንዱን ማሽን ሰጣት። የሬዚን ፕሪንተር ነው። እንዴት ልበላችሁ፣ ሬዚን የሚሉትን እንደ ማር የወፈረ ፈሳሽ ገንዳው ውስጥ ታፈሳላችሁ፣ ከስር ብርሃን ይመታዋል፣ ብርሃን የነካው ብቻ ይጠጥራል። እንደ ስስ ወረቀት እየተደራረበ እየተደራረበ ዕቃው ቁልቁል ተንጠልጥሎ ከፈሳሹ ይወጣል። እኔ መጀመሪያ ቀን ሳየው አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከዛ ወዲህማ ከአክስቴ ቤት ማን ያውጣኝ። እኔ ስልኬ ላይ ቪዲዮ አያለሁ፣ ቅርጽ አወርዳለሁ፤ እሷ ትሞርዳለች፣ ትቀባለች። ሥራ እንዲህ ይጣፍጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ጥርስ የሚያዝ ሲጠፋ የገና ዛፍ ጌጥ ጀመርን። ደወል፣ ኮከብ፣ ወፍ፣ ዋናው ግን ኳሱ ነው፣ የልጅ ስም ተቀርጾበት። ቀዩን ቀለም የቀመመችው እሷ ናት፤ የድድ ቀለም ስትቀምም የኖረች ሴትዮ ቀይ አያቅታትም። ጥግ ላይ ካለው ሱቅ ደጃፍ ጠረጴዛ ስንዘረጋ ሰው እየተጋፋ ነበር የሚመርጠው።

እንግዲህ ኳሱ ውስጡ ባዶ ነው፣ ሬዚን እንዳይፈጅ። ቅርጹን ያወጡት ሰዎች ከስሩ ቀዳዳ ይተዉለታል። በዛ በኩል ውስጥ የቀረው ፈሳሽ ይወጣል፣ አልኮል ገብቶ ያጥበዋል፣ ማድረቂያው መብራት ይገባበታል። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ ይሄን ደጋግሞ ነው የሚያሳየው። ለአክስቴም አሳየኋት።

«ቀዳዳ ያለው ዕቃ ከኔ እጅ ሊወጣ ነው?» አለች።

«እቴቴ፣ ከስር እኮ ነው። ማንም አያየውም።»

«እኔ አየዋለሁ።»

ኳሱን ገልብጣ ታንጠፈጥፈዋለች፣ ከዛ በብሩሽ ጫፍ ሬዚን ጠብ አድርጋ ቀዳዳዋን ትደፍናለች፣ መብራት ታሳያታለች፣ ትሞርዳታለች። ከዛ በኋላ የት እንደነበረች ራሷም አታገኛትም። «ይኸው፣ አሁን ዕቃ ሆነ።» ውስጡ ሳይታጠብ እኮ ነው ብዬ ተከራከርኳት። «የጥርስ ሐኪም አንድ ቀን ሥራ መልሶብኝ አያውቅም፣ አንቺ ደሞ በስልክ ተምረሽ ልትመልሺብኝ ነው?» አለችኝ።

አክስቴ አንድ ልጅ አላት፣ ከተማው ሌላ ጫፍ ነው የሚኖረው። ሚስቱ ጨዋ ናት፣ ግን የአክስቴ ቤት ሽታ አይስማማትም። ልጃቸው ገና መዳህ የጀመረች፣ ያገኘችውን ሁሉ አፏ የምትከት ነች። «እማማ፣ እንዳይቀየሙኝ። ያ ማሽን እዚህ እያለ ልጅቷን ይዤ አልመጣም» አለቻት አንድ ቀን። አክስቴ «እሺ የኔ ልጅ» ብላ ሸኘቻትና ጓንቷን እንዳደረገች ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ቀረች። የልጅ ልጇን በደንብ ታቅፋት አታውቅም። ዓለም ላይ ከዛች ልጅ ሌላ የምትፈልገው ነገር ያለ አይመስለኝም።

ስለዚህ ትልቁን ኳስ ሠራች። ከሁሉም ትልቁን፣ ከሁሉም ቀዩን፣ የልጅቷ ስም ዙሪያውን የሚዞርበት። ልጇ መጥቶ ወሰደው። ብዙም ሳይቆይ ምራቷ ደወለች። «እማማ፣ ልጅቷ ከኳሱ ስር አልነሳ አለችኝ እኮ። እሑድ ይምጡና ይዩዋት።» አክስቴ ስልኩን ዘግታ ፀጉሯን ነካ ነካ አደረገች፣ እሑድ አሁን የደረሰ ይመስል።

ከዛ በኋላ ነው ሽታው የመጣው።

ማሽኑን ካጠፋነው ሰንብተናል። ክዳኑ ተዘግቷል፣ ጠርሙሶቹ ታሽገዋል። ቤቱ ግን ይሸታል። መስኮት ከፍተን ዋልን፣ አልሄደም። ከዛ ደሞ ያልተሸጡት ኳሶች ካሉበት መሳቢያ ድምፅ ይሰማ ጀመር። ጣት ሲንቋቋ የሚሰማው ዓይነት። ቀጭ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ከረሳነው በኋላ እንደገና ቀጭ።

«አይጥ ናት» አለች አክስቴ።

«አይጥ ሬዚን ትበላለች?»

«ያንቺን ወሬ ከምትሰማ ሬዚን ብትበላ ይሻላታል።»

መሳቢያውን ስከፍተው አይጥ የለም። ኳሶቹ እንደተደረደሩ ናቸው። ስራቸው ያለው ወረቀት ግን ረጥቦ ያብረቀርቃል። አክስቴ በባዶ ጣቷ ዳበሰችው። «ላብ ነው። ብርዱ ነው ያላባቸው።» በማግስቱ ያቺ ጣቷ አብጣ ቆዳዋ ተወጥሮ ቀላ። ታካታለች፣ ትደብቀኛለች፣ ታካታለች።

ከሰዓት ላይ ጓንት አድርጋ አንዱን ኳስ ይዛ መስኮቱ ጋ ቆመች። ጥርስ ስታይ እንደምታደርገው ወደ ብርሃን አዞረችው። ከታች፣ ደፍና ካለሰለሰችው ቦታ የተነሳች እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ወደ ላይ ትሄዳለች። ጆሮዋ ጋ ወስዳ ቀስ ብላ ወዘወዘችው። ለኔም ሰጠችኝ። ውስጡ የሆነ ነገር አለ። ከባድ፣ ቀርፋፋ፣ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የሚንሸራተት።

«ውስጡ አልሞተም» አለች፣ አልጠጠረም ማለቷ ነው።

ተያየን። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው። ትልቁ።

ምራቷ ጋ ደወለች፣ አይነሳም። ልጇ ጋ ደወለች፣ ስልኩ ዝግ ነው። ነጠላ ጫማዋን እንኳን ሳትቀይር ወጣን። ታክሲ ውስጥ መቀመጥ አልቻለችም፣ ጎንበስ ብላ የፊቱን ወንበር ጨምድዳ ይዛለች። ረዳቱ «እናቴ፣ ቁጭ በይ፣ ቆምሽም ተቀመጥሽም አብረን ነው የምንደርሰው» አላት። ሰው ሳቀ። እሷ የሰማችውም አይመስለኝም።

ምራቷ በሩን ከፈተች። «ውይ እማማ፣ በደህና ነው? እሑድ ያልን መስሎኝ።»

አክስቴ አልፋት ገባች። ዛፉ ሳሎኑ ጥግ ላይ ነው። ትልቁ ኳስ ለልጅቷ እንዲታያት ብለው ዝቅተኛው ቅርንጫፍ ላይ ነው የሰቀሉት። ልጅቷ ስሩ ቁጭ ብላ ቀና ብላ ታየዋለች። የኳሱ ሆድ ያብለጨልጫል። ከታች ጫፉ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ አትወድቅም፣ ትወፍራለች።

ልጅቷን ብድግ አድርጌ ሳሸሻት ምራቷ ግራ ገብቷት እያየችኝ፣ «እንኳን መጡ ግን» አለች ለአክስቴ። «ጥርስ ልታወጣ ነው መሰለኝ። ሰሞኑን አገጯ ቀላ፣ ለሃጯ አላቆም አለ፣ ታለቅሳለች። እርስዎ ያውቁበታል፣ እስቲ ይዩልኝ።»

አክስቴ እጇን በሳሙና ታጥባ መጣች። በደህናዋ ጣት የልጅቷን ከንፈር ገለጥ አድርጋ ድዷን ከዳር እስከ ዳር አየች። ከንፈሯ ዙሪያ ሽፍ ብሏል። ድዷ ለስላሳ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ «አዎ፣ ጥርስ ነው» ብላ፣ ኳሱን ላሳምረው በሚል ይዛው ብትወጣ ማንም አያውቅም ነበር። እሑድም ትመጣ ነበር። ይሄ ሁሉ ፊቷ ላይ ሲያልፍ አይቻለሁ።

«ጥርስ አይደለም» አለች። «ኳሱ ነው። ፈሳሹን ውስጡ ዘግቼበት ነው የሰጠኋችሁ፣ አሁን እየወጣ ነው። መርዝ ነው። ልብሷን አውልቂ፣ በሳሙና እጠቢያት፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

ኳሱን ራሷ ልታወርደው ያዘችው። መዳፏ ላይ ለሁለት ተከፈለ። ያ ቀይ ነገር በጣቶቿ መሃል ቀስ ብሎ ወረደ።

ሐኪሙ ልጅቷን በደንብ አይቶ ቅባት ሰጠ፣ ትንፋሿን ተከታተሉ አለ። ሽፍታው በኋላ ለቀቃት። ግን አንድ ነገር ተናገረ፣ «ሰውነቷ ይሄን ነገር አንዴ ካወቀው ላይረሳው ይችላል። አድጋ ጥርሷን ማስሞላት ቢያስፈልጋት እንኳን ለሐኪሟ ንገሩ።» አክስቴ መድኃኒት ተቀብተው በፋሻ የተጠቀለሉ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ወለሉን ታይ ነበር።

በሩ ላይ ምራቷ አልጮኸችም። «ስላልዋሹኝ አመሰግናለሁ እማማ» አለች። «እሑድ ግን አይምጡ።»

አሁን አክስቴ በየቀኑ ያ ሱቅ ደጃፍ ባዶ ጠረጴዛ ዘርግታ ትቀመጣለች። የሸጥናቸው ኳሶች የት ቤት እንዳሉ አናውቅም፤ መንገደኛ ነው የገዛው። የሚያልፈውን ሁሉ ታስቆማለች። አንዳንዱ ይመልሳል። አንዷ «ልጄ አብሮት ነው የሚተኛው፣ አልሰጥም» ብላን ሄደች፣ ተከተልናት፣ ታክሲ ውስጥ ገባች። ያልተመለሱት ይበዛሉ። ሁሉም የልጅ ስም አለባቸው።

ቀይ ኳስ ካላችሁና ስሩ ድፍን ከሆነ፣ በባዶ እጅ ሳትነኩ ከቤት አውጡት፣ ልጅ የማይደርስበት አድርጉት። እናንተስ፣ ሰው በፍቅር ሠርቶ ሰጥቷችሁ በኋላ ቤታችሁ ውስጥ ጉድ ያፈላ ነገር አጋጥሟችሁ ያውቃል? በምን አወቃችሁ? ለሠራላችሁ ሰውስ ምን አላችሁት?